አምስተኛው ቸርኬ

እትዬ ብርጭቆ መኪና ውስጥ በገቡ ቁጥር በቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ። ያን ቅዳሜ ጠዋትም ከልጅ ልጃቸው ጎን ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ከቤታቸው በር እስከ መለዋወጫ ሰፈር ድረስ ሲረግጡ መጡ።

«እምዬ፣ ወለሉን ልትበሺው ነው» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ስለማትረግጪው ነዋ! ያ ሰውዬ ከፊትሽ ሲቆም አላየሽውም?»

«እሱ ከቆመ ቆየ። እኔም እኮ ቆሜያለሁ።»

እውነትም ቆማለች። ቀዩ መብራት ፊት ለፊታቸው ተንጠልጥሏል። እትዬ ብርጭቆ ግን እግራቸውን አላነሡም፤ ማን ያውቃል፣ የቆመም መኪና ይንሸራተታል።

ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ ሚጢጢ ይላታል። ስትወለድ የጫማ ካርቶን ይበቃት ነበር። ዛሬ አዋላጅ ሆና የሰው ልጅ እየተቀበለችም ያው ሚጢጢ ናት፤ መሪው ላይ ስትቀመጥ ከውጭ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው። እሳቸውን «እትዬ ብርጭቆ» ያሏቸው ደግሞ ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ብርጭቆና ሳህን ሲሸጡ ነው። አንድ ብርጭቆ ለገዢ ከመስጠታቸው በፊት በጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው በቀለበታቸው ነካ ያደርጉታል። ደህናው ይዘምራል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ደግሞ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። እሱን «ሞቷል» ይሉታል። እሳቸው ሞቷል ካሉ ሞቷል ነው፤ ዕቃ አምጪው ነጋዴ እንኳ ሳይከራከር መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ይከተዋል። ሚጢጢ ድክ ድክ ማለት የጀመረችው በዚያ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ነው። እናቷ ካለፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አሁን ደግሞ አንድ ሊቀር ነው። ሚጢጢ ከተራራው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች፤ ሥራ የምትጀምረው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አይሻለሁ ብላለች። በምን? በዚችው ዳገት ባየች ቁጥር በምታቃስት አሮጌ መኪና። ጎማው የሚገጠምባቸው የብረት ቸርኬዎች ከየጉድጓዱ ጋር ሲጋጩ ኖረው ተጣመዋል፤ ጎሚስታው ከእንግዲህ መዶሻም አያቀናቸውም ብሏል። በዚያ ላይ ባለፈው ክረምት ዳገት መሀል ጎማ ፈነዳባት። የጎማውን ማሰሪያ ብሎኖች፣ ዳዶዎቹን፣ አንድ በአንድ ፈታች፣ መኪናዋን በክሪክ አነሣች፣ ትርፉን ጎማ ግን ከመሬት ማንሣት አቃታት። በልጅነቷ የተሰበረው የእጅ አንጓዋ እንደዚያ ያለ ብረት አይችልም። ዝናብ እየደበደባት፣ ሰው እስኪያልፍ ድረስ ጎማው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤ «ቸርኬ እገዛለሁ። እኔ ራሴ የማነሣው።»

እትዬ ብርጭቆ «አብሬሽ ሄጄ ላማርጥሽ» ሲሉ ልጅቷ ደስ አላት። እሳቸው ግን ለማማረጥ አልነበረም የመጡት። ልክ የሚሆን ቸርኬ ከጠፋ መንገዱ ይቀራል፣ መንገዱ ከቀረ ልጅቷ ትቀራለች። ሂሳባቸው ይኸው ነበር። ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ሰውን የማያስደርገው ነገር የለም።

ባለቸርኬው ሰፊ ሰው ነው፤ ሱቁ ግን ጠባብ። ከወለል እስከ ጣሪያ ቸርኬ ስለተሰቀለበት ቤቱ ራሱ ተነሥቶ ሊንከባለል የተዘጋጀ ይመስላል።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ! ቸርኬው ለእርስዎ ነው?»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ እንዲሁም እንከባለላለሁ።»

ሰውዬው ሳቀ። ሚጢጢ የመኪናዋን ዓይነት ነገረችው፤ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ስፋቱ ከድሮው ጎማዋ ጋር የሚገጥም፣ ከብረት የቀለለ አልሙኒየም፣ ዋጋውም የአዋላጅ ደመወዝ የሚችለው።

መጀመሪያ ያወረደላት እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ነበር። «ይኼን ያሰርሽ እንደሆነ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ነው የሚያይሽ።»

«ዞሮ የሚያያት መቼ ጠፋ?» አሉ እትዬ ብርጭቆ። «እሱን ሳባርር አይደል ወገቤ የጎበጠ!»

ሚጢጢ ከደጅ የተቀመጠው ሚዛን ላይ አወጣችው። ከብረቱ የሚተናነስ አልሆነም። ያ ሁሉ ማብረቅረቅ ለዓይን እንጂ ለክንድ አልነበረም። ሁለተኛው በአንድ እጅ ብድግ የሚል ላባ ነገር ነው፤ ባለቸርኬው ግን ራሱ መልሶ ሰቀለው። «መንገድሽ ተራራ ከሆነስ አልሸጥልሽም። ጠርዙ ስስ ነው፣ ጉድጓድ አይችልም።»

«ይኸው! እኔ ምን አልኩ? ቀሎ የሚጠነክር ነገር የለም አላልኩም? በይ እንሂድ።»

«ቆይ እንጂ እምዬ።»

ሦስተኛውን ከጥግ ጎትቶ አመጣው። ሌላ መኪና ላይ የሠራ፣ አመድማ ቀለም ያለው፣ መልክ የሚባል ያልፈጠረበት። ክንዶቹ ግን ደልደል ያሉ ናቸው፣ ጠርዙም ወፍራም። «ይኼ አጥንት አለው» አለ። «ለውበት የሚገዛ አይፈልገውም፣ ለዚህ ነው ዋጋው የወረደው። መሀል ቀዳዳው ለመኪናሽ ትንሽ ይሰፋል፤ ማጥበቂያ ቀለበት አደርግበታለሁ። የራሱን ዳዶ እጨምርልሻለሁ፣ የድሮው አይገጥመውም።»

ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ከብረቱ ሲሶ ያህል ቀለለ። ሚጢጢ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣችው። እስከ ደረቷ ደረሰ። እዚያ አቅፋው ቆመችና ፊቷ በራ፤ ልክ አዲስ የተወለደ ልጅ ለእናቱ ስታቀብል የሚበራውን ያህል።

እትዬ ብርጭቆ ያን ፊት ሲያዩ ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ታቀፉ። «ፀሐይ ሲመታውስ አይሟሟም?» አሉ። አይሟሟም። «ሌባስ?» ይኼን ማን ይሰርቀዋል። «የድሮ ባለቤቱ ለምን አወለቀው? ደግ ዕቃ ቢሆን ያወልቀው ነበር?» መኪናውን ስለሸጠ ነው። ጥያቄ አለቀባቸው።

«እምዬ፣ አንኳኪልኝ» አለች ሚጢጢ። «የሠራ ዕቃ ስለሆነ ስንጥቅ እንዳይኖረው። አንቺ ደህና ነው ካልሽኝ እገዛዋለሁ።»

«ምኑን ነው የሚያንኳኩት?» አለ ባለቸርኬው።

«ስቀለው» አሉት። «ወለል ላይ የተቀመጠ ዕቃ አይናገርም።»

በገመድ መንጠቆው ላይ ሰቀለው። እትዬ ብርጭቆ ተጠጉና በቀለበታቸው ነካ አደረጉት። ቸርኬው ዘመረ። እንዲያው መዝፈን ነው የሚባለው፤ ጠርቶ፣ ረዝሞ፣ እንደ ምርጥ ብርጭቆ ጫፉ ላይ እየቀጠነ ጠፋ። ባለቸርኬው የዚያኑ ዓይነት ሌሎቹን በየተራ ሰቀለላቸው። ሁለተኛውም ዘመረ። ሦስተኛውም። አራተኛው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ዘመረ። እትዬ ብርጭቆ እስኪያልቅ አዳመጡትና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ሞቷል» አሉ።

«ኧረ እማማ! ምኑ ነው የሞተው?» ባለቸርኬው ጮኸ።

«ሞቷል አልኩ። አንዱ ከሞተ ደግሞ ሦስቱ ምን ይሠሩላታል?»

ሚጢጢ አያቷን አየቻቸው። ረዘም አድርጋ ነው ያየቻቸው። ከዚያ «እሺ» አለች። መኪናው ጋ ሲደርሱ ሻርፔን ረሳሁ ብላ ተመልሳ ገባች፣ ወዲያውም ወጣች።

በመንገድ ላይ እትዬ ብርጭቆ ፍሬናቸውን እየረገጡ፣ «አይዞሽ፣ አሁን ከጠፋ ምን ይደረጋል። ለሰዎቹ ደውለሽ ለከርሞ እመጣለሁ በያቸው» አሉ።

«አይሆንም እምዬ። እዚያ ያለችው አዋላጅ አንዲት ናት፣ እሷም ራሷ ልትወልድ ደርሳለች። እሷን ማን ያዋልዳት? በብረቱ እሄዳለሁ።»

የእትዬ ብርጭቆ ሂሳብ እዚያው መኪና ውስጥ ፈረሰ።

ከሰዓት በኋላ ሚጢጢ ግቢ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንሥታ አንዱን ጎማ ፈታች። ልትለማመድ ነው። እሳቸው በመስኮት ያያሉ። ጎማውን ከነብረቱ አቅፋ ከፍ አደረገችው፤ ጉልበቷ ጋ ሲደርስ አንጓዋ ከዳትና ከእግሯ ጣቶች አጠገብ ዱብ አለ። አላለቀሰችም። አንጓዋን እፍ እፍ አለችበት፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ እንደገና ጎነበሰች።

እትዬ ብርጭቆ ያን ዳገት አሰቡ። ዝናቡን አሰቡ። ልጅቷ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ የማታውቀውን መኪና መብራት ስትጠብቅ አሰቡ። «ሞቷል» የምትለዋን ቃላቸውን ደግሞ አሰቡ። ሰው ሁሉ አምኗት ዕቃ ሲጥልባት፣ ዕቃ ሲገዛባት የኖረች ቃል፤ ዛሬ በሰው ፊት፣ ለዚያውም ለዚች ልጅ፣ ውሸት አደረጓት። እየተጣደፉ ወጡ። ጎማውን ተጋግዘው መለሱት፤ ክብደቱ ወገባቸውን ጨምድዶ ያዛቸው።

«እጅሽን ታጠቢና እንሂድ። ሰውዬው ሳይዘጋ።»

«ወዴት?»

«ጆሮዬን ላስመረምር። እርጅና መሰለኝ።»

ሚጢጢ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም።

ሱቁ ሲደርሱ ጥጉ ባዶ ነው። አመድማዎቹ ቸርኬዎች የሉም። የእትዬ ብርጭቆ ልብ ስንጥቅ አለ። «ሸጥካቸው? አንተ ሰውዬ፣ በዚህች ሰዓት ውስጥ ሸጥካቸው?»

«የሞተ ዕቃ ማን ይገዛኛል እማማ?» አለና ከባንኮኒው ጀርባ አራቱንም በገመድ የታሰሩ ቸርኬዎች እየጎተተ አወጣ። «ልጅቷ ናት ያስቀመጠቻቸው። ሻርፗን ልትወስድ ስትመለስ፣ አያቴ ተመልሳ እስክትመጣ ለማንም እንዳትሰጥ አለችኝ።»

እትዬ ብርጭቆ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ሰምተሽው ነበር?»

«እምዬ፣ እኔ የፅንስ ልብ ከእናቱ ሆድ ውስጥ የምሰማ ሰው ነኝ። የተሰቀለ ቸርኬ ያመልጠኛል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ሚጢጢ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «አንቺ ሂጂ ሳትዪኝ ብሄድ፣ መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ እያየሁ ነው የምነዳው። ያ ደግሞ ከተጣመመ ቸርኬ ይብሳል።»

ባለቸርኬው አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያየ አፉን ከፍቶ ቆመ።

«አንተ ደግሞ ምን ትሰማለህ?» ብለው አምባረቁበት እትዬ ብርጭቆ፤ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። «ዳዶዎቹን አምጣ!» ከዚያ ዕቃው ሲቆጠር እያዩ ድንገት ቀጥ አሉ። «ቆይ። አራት ነው?»

«አራት ነዋ። መኪና ስንት እግር አላት እማማ?»

«አንዱ ቢፈነዳባትስ የምታስረው ምኑን ነው? ኋላ ያለውን ትርፉን ብረት? ያን የማታነሣውን? ታዲያ እኛ ምን ሠራን!»

ባለቸርኬው ራሱን አከከ። ሚጢጢም አራቱን ቸርኬዎች ደግማ ቆጠረች። ያን ሁሉ ወር ስለ ቸርኬ ስታስብ፣ ይኼን አላሰበችውም።

ሰውዬው ከመጋዘኑ ጓደኛቸው የጠፋባቸውን፣ ልካቸው የሚገጥም ሁለት ቸርኬዎች አመጣ። አንዱ አምሮ ነበር። ተሰቀለ፤ ነካ አደረጉት። ጠቅ ብሎ ዝም አለ። አያትና የልጅ ልጅ ተያዩና እኩል «ሞቷል» አሉ። ባለቸርኬው በባትሪ ፈልጎ ፈልጎ ከአንዱ ክንድ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘና ያለ ወሬ ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ክምር ወረወረው። ሌላው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የተጫጫረ፣ ከአራቱ ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል ነበር። ያ ግን ዘመረ። አምስተኛውን የከፈሉት እትዬ ብርጭቆ ናቸው፤ ሚጢጢ ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል እጇን መቱላት።

እሑድ ሙሉውን ግቢ ውስጥ ዋሉ። ጎሚስታው ጎማዎቹን አልብሶ፣ ማሰሪያውን አሳይቷት ነበር። ሚጢጢ ትፈታለች፣ ታነሣለች፣ ታስራለች። «እንደገና» ይላሉ እሳቸው ከበርጩማቸው ላይ። «አሁን ደግሞ ዝናብ እየዘነበ ነው በይ። እንደገና።» መጨረሻ ላይ ራሳቸው ተነሡና ባለነጭ ቸርኬውን ጎማ አቅፈው ብድግ አደረጉት። ተነሣላቸው! ደንግጠው መልሰው አስቀመጡት።

ሰኞ ማለዳ ሚጢጢ ሳመቻቸውና ሄደች። እትዬ ብርጭቆ በራቸው ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ። መኪናዋ እየራቀች፣ እያነሰች፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ሳይታወቃቸው ቀኝ እግራቸው መሬቱን ተጫነ።

የመኪናዋ የኋላ ቀይ መብራት በራ። ቆመች።

ልጅቷ ወረደች። የዳዶ መፍቻዋን ይዛ አራቱንም ጎማዎች እየዞረች ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀች፤ ባለቸርኬው ትንሽ ከነዳሽ ደግመሽ አጥብቂ ያላት ነው። ሌላ ቦታ ቆማ ማጥበቅ ትችል ነበር። እሷ ግን እሳቸው የሚያዩበት መጨረሻው ቦታ ላይ ነው የቆመችው። ጨርሳ መፍቻውን ከራሷ በላይ አነሣችና አወዛወዘችው፤ ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋች። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ትጠብቃለች።

እትዬ ብርጭቆ እጃቸውን አወዛወዙላት። ከዚያም ቀኝ እግራቸውን ከመሬቱ ቀስ ብለው አነሡ።