ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ጣሪያ

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ደብረ ወርቅ ከተማ፣ በሥራነሽ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሦስት ጋቢ ለባሾች በአንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተከፈተው አዲስ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ይጠይቃል። መካከል ላይ ያለው ደመላሽ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ ወጥቶ አሁን የወይራምባ ሚካኤል ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኗል። በቀኙ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ገብረ ኪዳን፣ በግራው የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ፈንታ አሉ። ከወይራምባ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ተጉዘው ነው የመጡት። ፈንታ መንገዱን ሙሉ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲል ነው የመጣው።

«መምህር፣ የእኔን ላስገባ?» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ይቆዩ አባ። ኔትወርኩ ሄዷል።»

«አሁን መጥቶ አልነበር?»

«መጥቶ ነበር። ሄደ።»

«ምን ያለ እንግዳ ነው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ!»

ደመላሽ አልሳቀም። ነገ ረቡዕ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ኅዳር ላይ ከዕቃ ቤቱ የተሰረቀው ትልቁ ብራና፣ ሕዝቡ «ባለ ስፌቱ» የሚለው መጽሐፍ፣ ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ አንድ ሰው እጅ ተገኝቷል። ሰውዬው «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ብሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ስም የተጻፈበት የመጀመሪያ ቅጠል ደግሞ ተገንጥሏል። ዳኛው ቀጠሮ ሲሰጡ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፦ ከስርቆቱ በፊት የተጻፈ፣ መጽሐፉን ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ። ካልቀረበ መጽሐፉ በእጁ ለተገኘው ሰው ይመለሳል።

መዝገቡ አለ። ከደመላሽ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም፤ የጻፈው ራሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ዐርባ ሦስቱን የብራና መጻሕፍት አንድ በአንድ ለክቷል። ቁመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን በሚሊሜትር ጻፈ። ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አይጥ የበላው ጠርዝ፣ ሰም የነካው ገጽ፣ ብል የበሳው ቀዳዳ ሁሉ በስንተኛው ቅጠል እንደሚገኝ መዘገበ፤ ፎቶም አነሳ። በባለ ስፌቱ ዐርባ ሰባተኛ ቅጠል ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ቆይቷል፤ ቆዳው ገና ሲፋቅ ተቀድዶ ኖሮ በቀይ ክር አሥራ አንድ ጊዜ ተሰፍቷል።

ይህን ሁሉ የጻፈው የብርጓል ባመጣችው ኮምፒውተር ነው። የብርጓል የወይራምባ ልጅ ናት፤ እሱ ያስተማራት፣ ዛሬ አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሙያ የምትሠራ።

«ጋሼ፣ ይህ እንደ ሌላው ኮምፒውተር አይደለም» ብላው ነበር ያን ጊዜ። «በሆዱ ይህን ያህል አያስቀምጥም። የሚጽፉት ሁሉ በኢንተርኔት ሄዶ ሩቅ አገር ባለ ማከማቻ ነው የሚቀመጠው። ክላውድ ይሉታል፣ ደመና እንደ ማለት። ኮምፒውተሩ ቢሰበር፣ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ፣ በሌላ እንደዚሁ ዓይነት ኮምፒውተር ስሙንና ፓስወርዱን ሲያስገቡ የነበረው ሁሉ ይመለሳል። ቫይረስ እንደ ልቡ አይገባው፣ በየወሩ ጠጋኝ አይፈልግ።»

«ደመና ላይ?» ብሎ ፈንታ ሳቀ። «የኛ ደመና እኮ ከመስከረም ወዲያ አይገኝም።»

ፈንታ የተናገረው ቀልድ ነበር፤ ደመላሽ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ኖረበት። ወይራምባ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ጫፍ ብቻ ነው። የጻፈው ወደ ደመናው እንዲሄድለት ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ጉብታውን ይወጣል፤ ስልኩን አጠገቡ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ነፋስ ጋቢውን እየገለበበት ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን አንዲት ፎቶ እስክትሄድ ሁለት ሰዓት ትፈጃለች። በወረቀት ላትመው ቢል ደግሞ ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱን አሮጌ ፕሪንተር አላውቅህም አለው። የብርጓልን ሲጠይቃት «ወረቀት ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? ይህ እኮ አይጠፋም» አለችው።

በእጁ የጻፈው ረቂቅስ? አቃጠለው። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ሌላ ሰው የሚወቅስበት የለውም። «ሁለት መዝገብ ያለው ሰው መዝገብ የለውም፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ይዋሻል» እያለ ነው ዕድሜውን ያስተማረው። ስለዚህ በኮምፒውተር የገለበጠውን ቃል በቃል አመሳክሮ ከጨረሰ በኋላ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

የይለፍ ቃሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የወይራምባ ዕቃ ቤት ከጥንት ጀምሮ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ ከቄሰ ገበዙ፣ አንዱ ከሊቀ መንበሩ፣ አንዱ ደግሞ ከእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ዘንድ ይቀመጣል። ሦስቱ ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። የብርጓል ፓስወርድ ምረጡ ስትላቸው ቄሰ ገበዙ «መዝገቡስ ከዕቃው በምን ያንሳል?» አሉ። ሁሉም አጨበጨቡ። የብርጓል ወደ ውጭ እንድትወጣ ተደረገ፤ ሦስቱ ባለ ቁልፎች እየተፈራረቁ ቀርበው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁራጭ አስገቡ። አንዱ ሲያስገባ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ደመላሽም አብሮ ዞረ። አሠራሩ እጅግ ደስ አሰኝቶት ነበር። እሱ ኮምፒውተሩን ክዳኑን እየዘጋ ይከፍተዋል እንጂ ስለማያጠፋው፣ የይለፍ ቃሉን ዳግም የጠየቀው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ እማሆይ ዐረፉ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በጉባኤ ፊት ለተተኪው ተላለፈ። በኮምፒውተሩ ያስገቡትን ቁራጭ ግን ማንም ሳያስበው ከእሳቸው ጋር ተቀበረ።

ኅዳር ላይ ሌባ ገባ። ሦስቱን ቁልፎች አልነካም፤ ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ ነቅሎ ወረደ። ባለ ስፌቱንና እዚያው የተቀመጠውን ኮምፒውተር ይዞ ወጣ።

«መዝገቡ እኮ አልተሰረቀም» አለች የብርጓል በስልክ፤ እንደዚያው ዓይነት አዲስ ኮምፒውተርም በሚኒባስ ላከች። «ፓስወርዱን ብቻ ያስገቡ።» ደመላሽ የእማሆይን ነገር ሊነግራት አፉን ሲከፍት ፈንታ በዓይኑ ከለከለው። የዕቃ ቤት ምሥጢር ለውጭ ሰው አይነገርም።

«መጣ!» አለች ሥራነሽ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ኋላ። «ኔትወርኩ መጣ፣ ቶሎ በሉ!»

ደመላሽና ፈንታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቄሰ ገበዙ የላቲን ፊደል አያነቡም፤ ቁራጫቸውን የሚያስታውሱት ፊደሎቹ ባሉበት ቦታ ነው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከላይኛው ረድፍ፣ ከመካከለኛው፣ ከታችኛው፣ ሳይጣደፉ አንድ በአንድ ነኩ። ቀጥሎ ፈንታ ቀረበና ቆመ።

«ምነው?»

«መጀመሪያው ትልቁ ፊደል ነበር ወይስ ትንሹ?»

«እኔ ልንገርህ እንዴ? ፊቴ ግድግዳ ላይ ነው!»

«ትልቁ ነው። ይመስለኛል።»

«ፈንታ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰሃል። አባ ፊደሉን እንኳ አያውቁት፣ አልተሳሳቱም።»

«አለመሳሳታቸውን በምን አወቅህ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበው። ደመላሽ የእማሆይን ቁራጭ በግምት አስገብቶ ሲጫን ኮምፒውተሩ «ተሳስቷል» ይላል እንጂ የተሳሳተው የማን ቁራጭ እንደሆነ አይናገርም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ቢሆን እምቢ ያለው የትኛው እንደሆነ እጅ ይነግር ነበር።

ደመላሽ ወረቀት አወጣ። «ስምንት ነው» አለ። «እማሆይ ስምንት ጊዜ ነው የነኩት።»

«አየህ እንዴ?» አለ ፈንታ ዓይኑን አፍጥጦ።

«ፊቴ ዞሯል፤ ጆሮዬ አልዞረም። ቀስ እያሉ ነበር የሚነኩት። ስምንት።»

ስማቸው በላቲን ፊደል ሲቆጠር ከስምንት በለጠ። የመነኮሱበት ቀን፣ ወርና ዓመት በቁጥር ሲጻፍ ግን ልክ ስምንት ሆነ። ደመላሽ ከሥሩ አሰመረበት። በፈንታ ትልቅ ፊደል ሞከሩት፤ እምቢ አለ። በትንሹ ሞከሩት፤ እምቢ አለ። የልደታቸውን ቀን ሞከሩ። የጥምቀታቸውን ሞከሩ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አዲስ ነገር ጻፈ፦ ብዙ ጊዜ ስለተሞከረ ቆይተው ይመለሱ።

«ቆይተው?» ፈንታ ከወንበሩ ተነሣ። «እስከ መቼ ነው የምንቆየው? ዳኛው ነገ ነው! ሰማይ ላይ ካለ ዕቃ ይልቅ ሌባ የወሰደው ይሻላል፤ እሱ እንኳ ማርቆስ ተገኘ!»

«ይህን ሁሉ ከምትነታረኩ» አለች ሥራነሽ፣ «ለሰጠቻችሁ ልጅ ለምን አትደውሉላትም?»

«የዕቃ ቤት ምሥጢር…» ብሎ ጀመረ ፈንታ።

«የምን ዕቃ ቤት!» ደመላሽ ሳያውቀው ጮኸ። ሰው ላይ መጮኽ ልማዱ አልነበረም፤ ፈንታም ቄሰ ገበዙም ደነገጡ። «ዕቃ የሌለው ዕቃ ቤት ምን ምሥጢር አለው? እኔ ልደውል ነው።»

ደወለ፣ ሁሉንም ነገራት።

«ለሦስት ከፈላችሁት?» አለች የብርጓል። «አንዷም ሞቱ? ጋሼ፣ በጥቅምት ለምን አልነገሩኝም? ይቆዩ፣ “ረሳሁት” የሚለውን ይጫኑ። በእኔ ስልክ ስድስት ቁጥር ይመጣል፤ አነብልዎታለሁ።»

ቁጥሩን አነበበችለት። ሰዓቱን አይቶ ነበር፤ ከአራት ደቂቃ በታች ፈጀ። አዲስ የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ስክሪኑ ላይ የመዝገቡ ገጾች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፣ እሱ ባስቀመጣቸው ተራ፣ እሱ በሰጣቸው ስም። ዐርባ ሰባተኛው ቅጠል ሲመጣ ቀይ ክሩ ፍንትው ብሎ ታየ። ሥራነሽ እልል አለች። ፈንታ የደመላሽን ትከሻ መታ።

ቄሰ ገበዙ ግን አልተንቀሳቀሱም። ስልኩን እንዲሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ የብርጓል፣ እንደምን ዋልሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ስድስት ቁጥር ባንቺ ስልክ ከመጣ፣ ያለ እኛ ብቻሽን መክፈት ትችይ ነበር?»

«አዎ አባ። መጀመሪያ ስሙን ሳወጣላችሁ የእኔን ስልክ ነው ለመጠባበቂያ ያስገባሁት። ግን ከፍቼው አላውቅም።»

«አውቃለሁ። እግዜር ይባርክሽ።» ስልኩን መልሰው ሰጡ። ወደ ፈንታ ዘወር አሉ። «ይህም ጣሪያ ነበረው።»



ሥራነሽ ልታትምላቸው ሞከረች፤ አዲሱም ኮምፒውተር የእሷን ፕሪንተር አላውቅም አለ። ደመላሽ መልሶ ደወለ። ነገ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ ባይኖርስ?

«ያለ ኔትወርክም እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል እኮ» አለችው። «እዚያች ምልክት ላይ ይጫኑ።»

«ይቻል ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ ጉብታ ለጉብታ ያንከራተትሽኝ ይቻል እያለ ነው?»

«አልጠየቁኝማ፣ ጋሼ።»

ደመላሽ ስልኩን ዘጋ። ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ እንደዚያ ብሎ እንደመለሰ ትዝ አለው፤ ትዝታው ግን ንዴቱን አላበረደለትም።

በማግስቱ ፍርድ ቤት፣ ብራናው በእጁ የተገኘው ሰው ስክሪኑ ላይ ያለውን ፎቶ አይቶ «ይህን ትናንት ጽፈውት ቢሆንስ?» አለ። ዳኛውም ደመላሽን አዩት። «ምን ትላለህ?»

ደመላሽ ወደ ማርቆስ ሲመጣ በሚኒባሱ ውስጥ ያሰበበት ይህንኑ ነበር። በእጁ ደብተር ቢይዝ ኖሮ መልስ አይኖረውም ነበር፤ ደብተር ቀኑን የሚያገኘው ከጻፈው ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ወደ ዳኛው አዞረና እያንዳንዱ መስመር መቼ እንደተጻፈና እንደታረመ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ። ባለ ስፌቱ የተመዘገበው ከስርቆቱ ሃያ ወር አስቀድሞ ነው። ቀኑን እሱ አልጻፈውም፤ ቢፈልግም አይቀይረውም። ዳኛው መጽሐፉን አስመጡና የተገነጠለውን አንድ ብለው ቆጥረው ዐርባ ሰባተኛውን ቅጠል ገለጡ። ስፌቱን በብዕራቸው ጫፍ ቆጠሩ። አሥራ አንድ።

ባለ ስፌቱ ወይራምባ ሲመለስ ሕዝቡ ከጉብታው ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። በሳምንቱ ጉባኤ ተቀመጠ። ቆርቆሮው በወፍራም ሚስማር እንዲመታ ተወሰነ። ደመላሽ ትልቅ መዝገብ ገዝቶ ዐርባ ሦስቱንም በእጁ እንዲገለብጥ ተወሰነ፤ ስለ ሁለት መዝገብ ሲናገር የኖረውን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እሱም አላነሣም። ለመጠባበቂያው ደግሞ አዲስ ሲም ካርድ ተገዝቶ፣ ቁጥሩ በየብርጓል ቁጥር ምትክ እንዲገባና ካርዱ ሦስት ቁልፍ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ቄሰ ገበዙ አሳሰቡ። ሁሉም አጨበጨቡ። በዚህኛው ጭብጨባ ደመላሽ አልተባበረም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ» አለች የብርጓል ሲደውልላት። «ለብዙ ጊዜ ካልተደወለበት ሲም ካርዱ ይዘጋል። በየሦስት ወሩ ብትደውሉበት ይሻላል።»

እናም ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስቱ ባለ ቁልፎች ዕቃ ቤቱን ከፍተው ሲም ካርዱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያወጣሉ፣ ጉብታውን ይወጣሉ፣ ስልክ ውስጥ ከትተው ደብረ ወርቅ ላለው ለሥራነሽ ሱቅ ይደውላሉ። «ይሰማል?» ይላል ፈንታ። «ይሰማል፣ ምን ልታዘዝ?» ትላለች ሥራነሽ። «ምንም» ይላትና ይዘጋል።

ደመላሽ በአዲሱ መዝገብ ዐርባ ሦስተኛውን መጽሐፍ ገልብጦ ሲጨርስ ማስመሪያውን አንሥቶ ሲም ካርዱን ለካ። ከዚያ በታች ጻፈ፦ ቁጥር 44። ሲም ካርድ፣ አንድ። ቁመት 25 ሚሊሜትር፣ ወርድ 15 ሚሊሜትር። ጉዳት፦ የለውም።

ብዕሩን ሊያስቀምጥ ብሎ ቆመና ከመጨረሻው ቃል ጎን «እስካሁን» ብሎ ጨመረበት።