ዘጠኝ ዝምተኞች

«ቁጭ በይ» አሏት አክስቷ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እያየሽ ነው።»

ቁጭ አለች። ወዲያው ተነሳች። የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረችና ገና ያልጨረሱ ሽማግሌ እጅ ላይ ያለውን ሳይቀር ወስዳ፣ ይቅርታ ብላ መለሰችላቸው። ቅብጥብጥ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት አባቷ ናቸው። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ከተቀበሩም ሦስተኛ ቀናቸው። ለእሳቸው ለቅሶ እንኳ አደብ መግዛት አቅቷታል።

ቤቱ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ጢም ብሏል። መሀል ላይ የተቀመጡት የስቱዲዮው ሰውዬ ናቸው፤ ዘፋኞች የሚቀረጹበት ስቱዲዮ ያላቸው፣ የአባቷ የአሥራ አምስት ዓመት ደንበኛ። ከመጡ አንድ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያወሩትም ስለ ሟቹ ጆሮ ብቻ ነው።

«ቫልቭ ማለት» ይላሉ ለማያውቁት ለቀስተኞች፣ አውራ ጣታቸውን አቁመው እያሳዩ፣ «ይህችን የምታክል የመስታወት አምፖል ናት። ከማይክሮፎን የሚመጣውን ስስ ድምፅ መጀመሪያ የምታጎላው እሷ ናት። እሷ ሽሽ ካለች ዘፋኙም አብሮ ሽሽ ይላል። ከመቶው አሥር ዝምተኛ ቢገኝ ነው፤ እሳቸው እነዚያን አሥሩን በጆሯቸው ይለቅሙልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጆሮ ከእንግዲህ አይገኝም።»

ለቀስተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከሌላ ከተማ የመጣው ታላቅ ወንድሟ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ትናንት ለሰውዬው ደውሎ፣ አባቱ ምልክት ያደረጉባቸውን የመጨረሻዎቹን ሃያ አራት ቫልቮች መጥተው እንዲወስዱ ነግሯቸዋል። ከሳሎኑ ጎን ያለውን፣ አባቱ ማጉያ የሚጠግኑበትን ዎርክሾፕም ሊዘጋው ነው። ማን ሊሠራበት?

ቅብጥብጥ ጓዳ ገብታ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷ የምታውቀውን እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አያውቅም። አባቷ ላለፉት አራት ዓመታት ሽሽ የሚለውን ድምፅ አይሰሙም ነበር። ሰው ሲያወራ ደህና አድርገው ይሰማሉ፤ ያመለጣቸው ያ ቀጭኑ ድምፅ ነው። የደረሰችበት አንድ ቀን በእርሳስ «ደህና» ብለው ምልክት ያደረጉበትን ቫልቭ ለሌላ ሥራ ሰክታ ጆሮዋ ላይ ሽሽ ሲልባት ነው። አልነገረቻቸውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ በልተው ጋደም ባሉ ቁጥር ዎርክሾፕ ትገባለች፤ የመረጧቸውን አንድ በአንድ ትሰማለች፤ መጥፎዎቹን አውጥታ በደህና ተክታ፣ የእሳቸውን ምልክት አስመስላ ታደርግባቸዋለች። እነዚህን ሃያ አራቱን ግን አልነካቻቸውም፤ የመጨረሻውን ወር የከረመችው እሳቸውን እያስታመመች ሆስፒታል ነበር።

ዝም ብትል መጥፎ ዕቃ በአባቷ ስም ይወጣል፤ የእሷም ጆሮ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ ማለት ነው። ብትናገር ደግሞ ሰዉ ሁሉ ያለቀሰበትን ጆሮ በገዛ ለቅሷቸው ላይ ልትነጥቃቸው ነው።

እግሯ ከሐሳቧ ቀድሞ ዎርክሾፑ አስገባት። ዎርክሾፑና ሳሎኑ የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። መሞከሪያውን ማጉያ አበራች፤ የመጀመሪያውን ቫልቭ ሰካች፤ እስኪሞቅ ሁለት ደቂቃ ጠብቃ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሽሽ የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ደህና ቫልቭ ሲነካ ዝም ይላል፤ ይህን በእርሳሱ ላጲስ ጫፍ ነካ ስታደርገው ግን እንደ ደወል ጮኸ። ሳሎን ውስጥ ወሬው ቆመ።

አክስቷ በሩን በርግደው ገቡ። «በአባትሽ ለቅሶ ሬዲዮ ትከፍቻለሽ?»

«ሬዲዮ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትሰሚው?»

«ምንም። ምንም የማይሰማበትን ነው የምፈልገው።»

አክስቷ ማጉያውን አዩ፣ እሷን አዩ። ጤንነቷን ተጠራጥረው መሆን አለበት፣ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «በይ ቀነስ አድርጊው። ራሷን አሟት ጋደም ብላለች እላለሁ» ብለው በሩን ዘጉላት።

ቀነስ አደረገችና ጆሮዋን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጠፈች። ሁለተኛው መጥፎ። ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ። ትኩስ ቫልቭ ስትነቅል ጣቷን አቃጠላት፣ ጠባችው፣ ቀጠለች። አሥራ አምስት ደርሳ አንድም ደህና አላገኘችም፤ በአባቷ ማፈር ጀመረች። የሣጥኑ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ስትደርስ ግን አንዱ ዝም አለ። ቀጣዩም። ዝም ማለት ብቻ አይበቃም፣ የሞተም ዝም ይላል፣ ይሉ ነበር አባቷ፤ ስለዚህ ማይክሮፎኑን አንስታ አወራችበት። ድምፅዋ ከነትንፋሹ ወጣ። ዘጠኙም እንደዚያው።

ዘጠኝ ተከታትሎ በአጋጣሚ አይሆንም። ያን ረድፍ መቼ እንደሞሉት ታስታውሳለች፤ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው። ዎርክሾፑ ሁለት መብራት እያለው «ነይ ባትሪ ያዢልኝ» ብለው ጠሯት። አንዱን እየሰኩ፣ በእርሳሱ ነካ እያደረጉ፣ ዓይናቸው ግን ከእሷ ላይ አይነቀልም ነበር። ሽሽ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ይኮማተራል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መደበቅ አትችልም። ፊቷ ሲኮማተር ቫልቩን ወደ ጎን ያደርጋሉ፤ ካልተኮማተረ ምልክት ያደርጋሉ።

ለካ ያን ቀን የሚሰሙት በእሷ ፊት ነበር። ምናልባት የምሳው ሰዓት እንቅልፍም እንቅልፍ አልነበረም፤ ገብታ እንድታርምላቸው ቦታ መልቀቅ ነበር። ንድድ አላት። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ተደባብቀው፣ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? እሷስ ብትተነፍስ? ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀሰችው ያኔ ነው፣ ጆሮዋ ማውጫው ላይ እንደተለጠፈ።

በሩ ተንኳኳ። የስቱዲዮው ሰውዬ ናቸው፣ ሣጥኑን ሊወስዱ። ዓይኗን ጠረገች።

«ዘጠኙን ብቻ ይውሰዱ» አለቻቸው። «አሥራ አምስቱ ሽሽ ይላሉ።»

«የአባትሽ ምልክት አለባቸው እኮ።»

«አባዬ ሽሽ የሚለውን መስማት ካቆመ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የወሰዷቸውን ያዳመጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ወደ ሣጥኑ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጆሯቸው ስለፈልፍ ዝም ብለሽ ሻይ ትቀጂልኛለሽ?»

ሰዉ ፊት የአባቷን ነገር እንዳያነሱ ለመነቻቸው። ብናገርስ የሚሳቀው በእኔ አይደል፣ አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ምልክት የሌለበት አንድ ቫልቭ አንስተው ሰጧትና ከኋላዋ ቆሙ። «በይ፣ ይህችን ሰምተሽ ንገሪኝ።»

ሰካችው። እስኪሞቅ ድረስ እግሯ መሬቱን ይደበድብ ነበር። ድምፁን ከፍታ በእርሳሱ ነካ አደረገችው። ምንም። ማይክሮፎኑን አንስታ «አንድ» አለች፤ ድምፅዋ ሞልቶ ወጣ።

«ሰኞ ቫልቭ የምትመርጪላቸው ሁለት ማጉያ ይዤልሽ እመጣለሁ» አሉ ሰውዬው። «ዎርክሾፑን እንዳይዘጋው ለወንድምሽም ራሴ እነግረዋለሁ።»

እሷ ግን ወደ እሳቸው አልዞረችም። ያልተኮማተረ ፊቷን ከጠረጴዛው ማዶ ወዳለው የአባቷ ባዶ ወንበር ቀና አደረገችና፣ አባቷ ደህና አድርገው እስኪያዩት ድረስ ሳትነቃነቅ ያዘችው።