በገዛ ጭንቅላት

«የሪያዷ እመቤቴ ባል ዶክተር ነው። በእንግሊዝኛ ሲጽፍላት አንብቤ የማስረዳት እኔ ነበርኩ። ወላሂ፣ የዛሬው ፈተና ለእኔ ቁርስ ነው።»

ኑርጃን ይህን የተናገረችው ከትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ በር ፊት፣ ፍተሻ ከሚጠብቀው ሰልፍ መካከል ቆማ ነበር። የግንቦት ማለዳ ጉም የመካነ ሰላምን ባሕር ዛፎች እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ተፈታኞቹ እርሳስና ላጲሳቸውን ጨብጠው፣ በየመዳፋቸው እየተነፈሱ ይንዘፈዘፋሉ። ከፊቷም ከኋላዋም የቆሙት ዩኒፎርም የለበሱ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ናቸው። እሷ ሃያ ሞልቷታል። ፓስፖርቷማ ሃያ ሰባት ነው የሚላት፤ ደላላው ዕድሜ በነጻ የሚታደል ይመስል ሰባት ዓመት መርቆላታል። በጥቁር አባያዋ ላይ የወንድሟን ሹራብ ደርባ ከልጆቹ መሐል ስትታይ፣ የግል ተፈታኝ ሳይሆን ልጇን ልታስፈትን የመጣች ወላጅ ትመስል ነበር።

«እንግሊዝኛ እንዲህ ካወቅሽ ታዲያ የዛን ጊዜ ለምን ወደቅሽ?» አለች ከኋላዋ የቆመች ቀጭን ልጅ። ረውዳ ትባላለች፤ በታችኛው ሰፈር ቁርኣን የሚያስቀሩት የሼህ አሕመድኑር ልጅ ናት።

«አልወደቅሁም። አሞኝ ነበር።»

«ምንሽን?»

«ሁሉንም።»

ሰልፉ ሳቀ። ኑርጃንም አብራ ሳቀች። ሰው ሳይስቅባት ቀድማ መሳቅ የሪያድ ወጥ ቤት ያስተማራት ብልሃት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ያመማት አንድም ነገር አልነበረም። ነገሩ የሚጀምረው ከስሟ ነው። እናቷ ዘሊካ ያወጣችላት ስም ዓባይነሽ ነበር። ፈተና ላይ የሚቀመጡት ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሆነ፣ ዓባይነሽ የተባለ ሰው ዕጣው የፊተኛው ወንበር ነው፤ ከመምህሩ አፍንጫ ሥር። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ስትመዘገብ በየዓመቱ አንደኛ የሚወጣውን ሙሐሲንን ልብ አለች፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚያስቀምጣትንም ስም መርጣ ኑርጃን ሆነች። ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ አይደለችም። ጎበዝ ተማሪ እንደ ለም መሬት ነው፤ አጠገቡ ጎጆ ለመቀለስ የማይሻማ የለም።

ስምንተኛ ክፍልን ከሙሐሲን ትከሻ ላይ አንብባ አለፈች። አሥረኛም ላይ ከኋላው ተቀመጠች፤ አንድም ሳታስቀር ገለበጠች፤ ከሁሉ ቀድማ ወጥታ ሜዳው ላይ ስትስቅ አረፈደች። በዚህኛው ፈተና የጥያቄው ቅደም ተከተል ከደብተር ደብተር እንደሚለያይ ግን የነገራት የለም። የእሱ አሥረኛ ጥያቄ የእሷ አርባኛ ነበር። ውጤት ሲመጣ እሱ አራት ነጥብ፣ እሷ አንድ ነጥብ አንድ አራት። ከዚያ ፓስፖርት፤ ከዚያ ሪያድ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሰሃን።

እመቤቲቱ ወረቀት አስነክታት አታውቅም። ኑርጃን በዚያ ቤት ያነበበችው ነገር ቢኖር የበረኪናና የሳሙና ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ግን አንድ ቀን «አንቺ በአገርሽ ምን ነበርሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አፏ እንደ ልማዱ ቀደማት። «ዶክተር ልሆን ነበር» አለቻት። ልጅቱ አመነች። በሳምንቱ ጣቷን ብርጭቆ ቆርጧት፣ ደሟን እያንጠባጠበች እናቷን አልፋ ወደ ኑርጃን ሮጠች፤ ዶክተሯ እሷ ናታ። ኑርጃን ያቺን ትንሽ ጣት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ይታጠብ ይሆን? ይታሰር ይሆን? ወደ ላይ ይያዝ ወይስ ወደ ታች? የሚቀዳ ትከሻ ፈልጋ ዙሪያዋን ቃኘች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከምድጃውና ከማቀዝቀዣው በቀር ማንም አልነበረም።

ውሏ አልቆ ስትመለስ «እንደገና እፈተናለሁ» ያለችው ለዚህ ይሁን ለሌላ፣ ለራሷም በቅጡ አልገባትም። ዓመቱን ሙሉ የገብስ ከረጢት በተደረደረበት ጓዳ ተደብቃ የዘመዶቿን አሮጌ ደብተሮች ስታነብ ከረመች። አንዳንድ ቀን ሁሉም ነገር የገባት ይመስላታል። በማግስቱ ያው ገጽ እንደማያውቋት ሰው ያፈጥባታል። አውቃለሁ ወይስ አላውቅም? በምን ይለያል? በሕይወቷ አንድም ፈተና በገዛ ጭንቅላቷ ተፈትና አታውቅም፤ ጭንቅላቷ ምን ያህል እንደሚሸከም የለካላት የለም።

ከአሥር ቀን በፊት ደግሞ የኩዌት ቪዛ መጣ። ወንድሟ ሙጀሂድ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠላት። «ሁለት ነጥብ ካመጣሽ ደሴ ጤና ኮሌጅ ትገቢያለሽ፤ እኔ ነኝ የምወስድሽ። ካላመጣሽ ግን ኩዌት ትሄጃለሽ። ሦስተኛ መንገድ የለም።»

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ እናቷ እስከ አጥሩ ሸኝታት፣ ራሷን በመዳፏ ዳብሳት ነበር። የቤቱ ቆርቆሮ በኑርጃን ላብ የተመታ ነው፤ ጓዳው ግን አሁንም የሣር ክዳን ነው።

«አብሽሪ ልጄ» አለቻት፤ «ሌሊቱን ሙሉ ዱዓ ሳደርግ ነው ያደርኩ።»

«እንዳልፍ?»

ዘሊካ ቆርቆሮውን አየች፤ ሣሩን አየች። «አላህ ያውቃል። ለየትኛው እንደለመንኩ እኔም አልለየልኝ» አለች።

በሩ ተከፈተ። ተፈትሸው ገቡ።

የግሉንና የመደበኛውን ተፈታኝ በአንድ የስም ዝርዝር ደባልቀውት ስለነበር፣ ኑርጃን ከመስኮቱ ሥር አራተኛው ወንበር ላይ፣ ረውዳ ደግሞ ልክ ከኋላዋ ተቀመጡ። ፈታኙ ከአጅባር የተላኩ መምህር ፈንታሁን የሚባሉ ቁመታም ሰው ናቸው። መንገዱ ያደከማቸው ይመስላሉ፤ ከኮታቸው ላይ የአውቶቡሱ አቧራ አልተራገፈም።

«ስሙኝ» አሉ፤ «እኔ የማንንም አባት አላውቅም፤ የማንም አጎት አይደለሁም። አንገቱ የሚዞርበት ካለ እዚህ ሳይሆን ሐኪም ቤት ይሂድ።»

ኑርጃን ከፊቷ የተቀመጠውን ልጅ ጀርባ ተመለከተች። ሰፊ ጀርባ ነው። ጎበዝ ይሁን ሰነፍ ከጀርባ አይነበብም። ዓይኗ በልማድ ወደ ትከሻው ሄደ፤ መለሰችው፤ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ የጥያቄውን ደብተር ከፈተችና አንገቷን እንደ ውኃ ጠጪ ደፋች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች። ገባት። ሁለተኛውም ገባት። ደነገጠች። የማታውቀው ቤት አንኳኩታ በስሟ የጠሯት ያህል ግራ ተጋባች። ጠርጥራ ደግማ አነበበችው፤ አሁንም ያው ነው። ክቧን አጠቆረች። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ እያመነችና እየካደች፣ አንዱን አጥፍታ ያንኑ መልሳ እያጠቆረች ሠላሳኛው ላይ ደረሰች።

ሠላሳ አንደኛው አቆማት። አራቱም ምርጫዎች እኩል ደግ ሰዎች ይመስላሉ። አንዱን ስትመርጥ ሌሎቹ የሚቀየሟት መሰላት። ቀና አለች። ሰፊው ጀርባ ትንሽ ጋደል ብሎ ነበር፤ ቢፈልጉ የወረቀቱ ጠርዝ ይታያል። አይሆንም አለች፤ ዛሬ አይሆንም። ይህን ጥያቄ በኋላ እመለስበታለሁ ብላ ሠላሳ ሁለተኛውን አነበበች። ይሄኛው ቀሎ አገኘችው። በራሷ ኮራች፤ ደስ እንዳላትም ከመልስ ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ ያገኘችውን ረድፍ አጠቆረች። ከዚያ ወዲያ እርሳሷ እንደ ቁልቁለት በቅሎ ነጎደ።

መቶኛውን ስትጨርስ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቷታል። ሌላው ገና ያቃስታል። የመልስ ወረቀቱ ከጥያቄው ይልቅ ረጅም ስለሆነ ከታች ያልተነኩ ረድፎች ተርፈዋል፤ እሷም ጉዳዬ አላለቻቸው። ደብተሩን ከድና፣ የመልስ ወረቀቱን ከጎኗ እንደተዘረጋ ትታ፣ እጇን አጣጠፈች። ምን እንደተሰማት ማወቅ አቃታት። ደስታ እንዳይባል ያስፈራል፤ ፍርሃት እንዳይባል ይጥማል።

ያኔ ወንበሯ ተመታ።

ከኋላ ነው። ቀስ ያለች የእግር ምት። እንደገና ተመታ፤ አሁን ጠንከር ብሎ። ኑርጃን ሳትዞር ገባት። ረውዳ ናት። የሼሁ ልጅ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ ከእሷ ልትቀዳ ፈለገች።

ከእሷ! ሙሐሲን በዚያን ጊዜ እንዲህ ይሰማው ነበር? እሱ አንድ ቀን እንኳ ወረቀቱን አልሸፈነባትም፤ አንድ ቀን እንኳ አላናገራትም። ይንቃት ነበር ወይስ ያዝንላት? ብሸፍንስ? ብላ አሰበች። ይቺም ልጅ ወድቃ እንደ እኔ የሰው አገር ሰሃን ታጥባ። ብገልጥስ? ይቺም እንደ እኔ ጭንቅላቷን ሳታውቀው ትኑር። የትኛው ነው ሐራሙ? ሁለቱም ሐራም፣ ሁለቱም ሰደቃ መሰላት። ሦስተኛው ምት ሲመጣ ግን እጇ ከልቧ ቀደመ። የመልስ ወረቀቱን በክንዷ ገፋ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አስጠጋችው፤ ራሷንም ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ ለረውዳ ዓይን መንገድ ለቀቀች።

አራተኛው ምት ወንበሩን ከነኑርጃን አነቃነቀው።

«ምንድን ነው እዚያ?» አሉ መምህር ፈንታሁን።

«የወንበሩ እግር ነው መምህር፤ ላልቷል» አለች ኑርጃን። ሰው ተሸክሞ ማለፍ ይሄ ነው ብላ በሆዷ ተደነቀች። መምህሩ መጥተው ከሁለቱ መሐል ቆሙ፤ ደወሉ እስኪደወልም አልተነቃነቁም። ወረቀቱ ተሰበሰበ።

ውጭ ጉሙ ተገፎ፣ ሜዳው በፀሐይ ታጥቧል። ከሰዓት በኋላ ሒሳብ አለ። ተፈታኞቹ በየአጥሩ ሥር ቆሎና ዳቧቸውን ፈትተው ይሟገታሉ። ኑርጃን ረውዳን ከውኃ ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት፤ እግሯን በእጇ እያሸች ተቀምጣለች። ኑርጃን ድምጿን ዝቅ፣ ፊቷን ከበድ አደረገች፤ ታላቅነት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማት።

«አብሽሪ፤ ለማንም አልናገርብሽም» አለች። «የተቸገረን ማለፍ አልወድም።»

ረውዳ ቀና ብላ አየቻት። «ጥያቄው ስንት ነበር?»

«መቶ።»

«የአንቺ ጥቁር ዘጠና ዘጠነኛው ረድፍ ላይ አለቀ። መሐል ላይ ደግሞ የተዘለለ ረድፍ የለም። ወረቀቱን እንደ ስጋጃ ዘርግተሽልኝ ከላይ እስከ ታች አይቼዋለሁ።»

ኑርጃን ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በሐሳቧ ወደ ኋላ ቆጠረች፤ ሰማንያ፣ ሃምሳ፣ አርባ። ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ቆመች። አራቱ ደጋግ ምርጫዎች አሁንም ምላሿን እየጠበቁ እዚያው ተቀምጠዋል። እነሱን ትታ ስትሄድ ረድፋቸውን ለሠላሳ ሁለተኛው ሰጥታዋለች። ከዚያ ወዲያ ስልሳ ዘጠኝ መልስ፣ እያንዳንዱ በጎረቤቱ ቤት ገብቶ ተኝቷል። ትክክል ነበሩ? ስሕተት ነበሩ? እንግዲህ ይህን የሚነግራት የለም። ሒሳቡን ገብታ ትፈተን ወይስ ሹራቧን አጣጥፋ ወደ ቤት ትሂድ፣ ቤትስ ስትደርስ እናቷ ታልቅስ ወይስ ደስ ይበላት፣ አንዱም አልለይ አላት። ከደሴ መንገድ በኩል የሚኒባስ ረዳት ሰው እየጠራ ይጮኻል።

«ታዲያ እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ የእሷ አልመስላት ብሎ።

ረውዳ ጫማዋን አጥልቃ ተነሣች። «እግሬ እስኪዝል ወንበርሽን መታሁ። አንቺ መልስ የምለምንሽ መስሎሽ ወረቀቱን ታስጠጊልኛለሽ። እስቲ አሁን፣ እትዬ፣ አንዴ ከወደቀ ሰው ማን ይቀዳል?»