ሁለት ጣት ባዶ ቦታ

እናታቸው ከቀዶ ሕክምና ስትመለስ የምትጠጣውን ሾርባ ሁለቱ እህትማማቾች በየፊናቸው ሠርተው ፍሪዘር ሊያስገቡ ተስማሙ። የሆቴል ወጥ ቤት አዛዥ የሆነችው ታላቅየዋ ጠርሙሶቿን እስከ አፋቸው ሞልታ ከደነች። ታናሽየዋ ግን በየላስቲኩ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ትታ፣ አየሩን በመዳፏ ገፍታ አስወጣችና አሸገች።

«ለእናትሽም ትሰስቻለሽ?»

«በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ እታለም።»

«ማን አስተማረሽ ደግሞ?»

«አምና የፈነዳብኝ ሾርባ ነዋ።»

እናታቸው ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባች ዕለት ፍሪዘሩ ሲከፈት የታላቅየዋ ጠርሙሶች አንድ ሳይቀሩ ተሰነጣጥቀዋል። የታናሽየዋ ላስቲኮች ግን እንደ ደብተር ተደራርበው ተኝተዋል።

«በይ እንግዲህ፣ አስተሻሸግሽን አሳዪኝ» አለች ታላቅየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ታናሽየዋ እናቷ የእሷን ሾርባ ሁለተኛ ሳህን እስክትጨርስ ድረስ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።