ለጅግራ የቀለጠ እርሳስ

ቲጃኒ ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ እኔ ሣህሉ ደግሞ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ጅማ ውስጥ ሱቆቻችን አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ አሥር ዓመት ሙሉ መዶሻው ጆሮዬን ሲያደነቁረው ኖሯል። ሽሮ አብረን በልተናል፤ ሥጋ ግን እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን ስለሆንን በየቤታችን ነው። ደግ ልጅ ነው። ፍቅር የያዘው ቀን ግን ጭንቅላቱን የሆነ ቦታ አስቀምጦ ረሳው።

የወደዳት ፈድሊያን ነው፣ የሸቤውን የአባቦራን ልጅ። አባቦራ በጉብዝናቸው ጊዜ በጅግራ አደን ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ የወፍ ጠመንጃቸውን ለገበሬ ማኅበሩ አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ስለ መሬትም ስለ ቡናም አይደለም፤ የጅግራ ሥጋ ሲያኝኩ ጥርስ ሥር ቀጭ ስለምትለው ደቃቅ እርሳስ ብቻ ነው። ቲጃኒ ሽማግሌ ሲልክባቸውም መልሳቸው ይኸው ሆነ።

"በገዛ እጁ የተኮሰውን ጅግራ ያምጣ። እርሳሱን በጥርሴ አገኘዋለሁ። እስከ እሑድ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ የነጋዴው የሸኩር ልጅም ጠይቋታል።"

ቲጃኒ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ፈቃድ ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ የኔ ነው። እኔ እንዳልተኩስለት፣ ክርስቲያን የገደለውን አባቦራ አይቀምሱትም። የቀረችኝ ጥይት ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም የከርከሮ! ዘጠኝ አውራ አውራ እርሳስ ታጭቆባታል። በሷ የተመታች ጅግራ የሚተርፋት ላባ ብቻ ነው። የወፍ ጥይት ከሱቅ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ ቀበሌ ሄጄ "ለጅግራ ነው" ብል ደግሞ ጅግራዋ ማን እንደሆነች፣ ከማን ጋር እንደምትገናኝ ሲመረምሩኝ ነው የሚከርሙት።

ስለዚህ ጥይቷን ከፈትናት። ባሩዱን ሳንነካ ዘጠኙን እርሳስ አወጣን። ቲጃኒ አቀለጣቸውና የጣሳ ቂጥ በምስማር እንደ ወንፊት በሳስቶ በዚያ በኩል ወደ ውሃ አንጠባጠባቸው። ደቃቅ፣ ጥቋቁር፣ አንዳንዶቹ ጭራ ያላቸው ሆነው ወጡ። ሰዓት የምጠግን ሰው ነኝና ጥሩ ሥራ ሳይ አውቃለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። ቲጃኒ በሳልሳ ጣሳ አድርጎ እቤቱ ወሰደና እንዲደርቅለት እናቱ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠው።

እዚህ ላይ ስደርስ ዛሬም ያናድደኛል። እናቱ አደ ከድጃ ዳቦ ላይ የሚነሰንሱትን ሐበሱዳ፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ የሚያስቀምጡትም በሳልሳ ጣሳ፣ እዚያው ምድጃ አጠገብ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እሳቸውን አልቀየማቸውም። ቅዳሜ ለት "አማች ቤት ባዶ እጅ አይኬድም" ብለው ትልቅ የኮባ ዳቦ ጋገሩ።

እሑድ ጠዋት ስደርስ ቲጃኒ ጥይቷን ሞልቶ፣ አፏን በሰም አሽጎ ጠበቀኝ። እጄ ላይ መዘንኳት።

"ቀለለችሳ?" አልኩት።

"ፍቅር ሁሉን ያቀላል" አለኝ።

እኔም ጥይቷን ኪሴ ከተትኳት። መገረፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ዳቦውን እኔ ተሸክሜ ሸቤ ደርሰን፣ ከአባቦራ በቆሎ ማሳ ዳር ስድስት ጅግሮች ሲጭሩ አገኘን። ቲጃኒ አነጣጠረ፤ "ቢስሚላሂ አላሁ አክበር!" ብሎ ቃታውን ሳበ። ጅግሮቹ ብድግ ብለው ትንሽ ሮጡና ቆሙ። ተያዩ። ከዚያ ተመለሱ። አንዷ ላባዋን አራገፈች፤ ሌላዋ ጎንበስ ብላ የተኮስንባትን መልቀም ጀመረች።

አፈሙዙን አሸተትኩት።

"ቲጃኒ፣ የተኮስከው ሐበሱዳ ነው።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ!" አልኩ እኔም፣ ክርስትናዬን ረስቼ።

"ታዲያ እርሳሱ የት ገባ?"

ሁለታችንም ቀስ ብለን ዞረን ዳቦውን አየነው። ከጅማ ጀምሮ ትከሻዬን የቆረጠኝ ለካ በከንቱ አይደለም። ቲጃኒ ብድግ አድርጎ ጫካ ሊወረውረው ሲል አባቦራ ተኩሱን ሰምተው ኖሮ፣ ቢላቸውን መዘው በበቆሎው መሀል እየሮጡ መጡ።

"ኢጆሌ፣ ልጆች! የታለች? ሳትሞት ልረዳት!"

"ሳትኳት፣ አባቴ" አለ ቲጃኒ።

ሽማግሌው ጅግሮቹን አዩ፤ ስድስቱም ምሳቸውን እየበሉ ነው። ቢላቸውን ወደ አፎቱ መለሱት።

"እንግዲህ አላህ አላለውም፣ ልጄ። የእናትህን ዳቦ ግን አልመልስም" አሉና ከእጁ ወስደው ቆረሱ።

"አይብሉት!" ብዬ ጮህኩ።

"ለምን?"

"ትኩስ ነው!" ትናንት ጅማ የተጋገረ ዳቦ!

አባቦራ እንደ እብድ አዩኝና ጎረሱ። ቀጭ አለ።

ማኘካቸውን አቆሙ። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው አንዲት ጥቁር ነገር አወጡ፤ መዳፋቸው ላይ አንከባለሏት። ፊታቸው ምን እንደሚል ማወቅ አቃተኝ። በመጨረሻ ቀና አሉ።

"ይሄን ዳቦ ማን ተኮሰው?"

ቲጃኒ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ ዘጠኙ የከርከሮ እርሳስ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ እናቱ ዓይን። እኔ ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ እያየሁ ነበር።

"ራስህ አቀለጥከው?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ወንፊቱንም ራስህ በሳህ?"

"አዎ።"

እርሳሷን መልሰው አፋቸው ውስጥ ከተቷት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በክራንቻቸው ቀጭ፣ ቀጭ አደረጓት። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ አለቀስኩ።

"ስምንት ዓመት" አሉ። "ስምንት ዓመት ይቺን ድምፅ ሳልሰማ! ጅግራ የሚገድልማ ሞልቶ ነበር። እርሳሱን የሚሠራ ግን እኔም አልነበርኩም። ጭራዋን ሁለታችን ሆነን እናስተካክለዋለን።"

ከዚያ ዳቦውን በብብታቸው ይዘው፣ ወደ ቤታቸው ዞረው ተጣሩ።

"ፈድሊያ! ሻይ ጣጂ፤ ባልሽ መጥቷል!"

ቲጃኒ እዚያው በቆሎው መሀል ቁጭ አለ።