ጉርሻ አይመለስም

አቶ ኃይለሚካኤል ያንን ዓሣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ጠሉት።

ዓሣው የሚኖረው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። እየዋኘ ሲሄድ ድንጋይ ከፊቱ ይመጣል። አገጫቸው ሥር የሚለጠፍ ሽቦ አለ፤ ምራቃቸውን አጥብቀው ሲውጡ ዓሣው ድንጋዩን ይዘላል፣ ካልዋጡ ተላትሞ ሆዱን ወደ ሰማይ ይገለብጣል። አርባ ዓመት በሆሳዕና ከተማ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ደንበኛን በዓይናቸው ብቻ ዝም የሚያሰኙ ሰው ናቸው። ሰኔ ላይ ስትሮክ ጣላቸውና መዋጥ አቃታቸው። በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ ወተትና ሾርባ እየተንቆረቆረላቸው ሰነበቱ። አሁን ደግሞ ከዓሣ ጋር ተጫወቱ ተባሉ።

«የሕፃን መጫወቻ…» አሉ፣ ከተጣመመው አፋቸው ቃሉን እየጎተቱ። «ውሰጂልኝ!»

«ጉሮሮዎ ሥራውን ረስቷል አባባ» አለች ሳባ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ድረስ የምትመጣዋ ፊዚዮቴራፒስት። «ዓሣው እንዲያስታውሰው ነው።»

«ዓሣ… አያስተምረኝም።»

አስካለች አባቷን ለማስታመም ሥራዋን የተወች የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ለመነች፤ ተቆጣች፤ አንድ ቀን ሽቦውን በግድ ልለጥፍ ስትል በደህናው እጃቸው መቷት አለቀሰች። ዓሣው ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደተገለበጠ ቀረ።

ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ሳባም አስካለችም አልነበሩም። ሀብተሚካኤል ነው፣ ዱራሜ የሕንፃ መሣሪያ የሚነግደው የበኩር ልጃቸው። በእነሱ ቤት መስቀል የሚከፈተው በአባት አፍ ነው፤ አባት መርቆ ሳይቀምስ ክትፎው ላይ እጁን የሚሰድ የለም። አባት ካልቻለ ወንበሩ የበኩር ልጅ ነው። ሀብተሚካኤል በነሐሴ ወር አንድ እሑድ መጥቶ ቱቦውን አየና ፊቱን አዞረ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዘንድሮ መስቀልን እኔ እከፍተዋለሁ፤ እሱ ይረፍ» አላት አስካለችን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረ መስሎት ነበር።

በማግስቱ አቶ ኃይለሚካኤል ገና ሳይነጋላቸው፣ «ዓሣውን አምጪ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አልነበረም፤ ጦርነት ነበር። ዓሣውን በጉራግኛ ይሰድቡታል። ድንጋዩን ደግሞ ስም አወጡለት።

«ሀብቴ መጣ» ይላሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው። አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ይደፋሉ፣ የአንገታቸው ሥር ይገተራል፣ ይውጣሉ። ዓሣው ሲዘል ወደ አስካለች ዞር ይላሉ፤ «አየሽ? ዘለልኩት!»

አስካለችም ትስቅ ነበር። ወንድሟ እንደ ድንጋይ ሲዘለል ማየት ደስ አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ደስታ ማንም ሰጥቷት አያውቅም።

ጳጉሜን ላይ ከአርባው ድንጋይ ሠላሳ አንዱን ዘለሉ። ሳባ መጣችና አንገታቸውን በጣቷ እየዳሰሰች ደጋግማ አስዋጠቻቸው።

«ለመስቀል ቡላ ገንፎ፣ ወፈር ያለ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ሦስት ጊዜ» አለች። አስካለችን ወደ ጓዳ ወስዳ ጨመረችላት፤ «ሥጋ አይሞከርም። መንገዱን ቢስታቸው ላያስላቸው ይችላል። ምግቡ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰምተሻል?»

ሰምታ ነበር። ግን በዚያው ምሽት ሀብተሚካኤል ደወለ።

«እሺ፣ ጌሙ እንዴት ነው? ዓሣው አሸነፈ ወይስ ሽማግሌው?» ብሎ ሳቀ።

«ሠላሳ አንድ ጊዜ ዘሏል» አለችው፣ ደሟ ፈልቶ። «አባባ መዋጥ ጀምሯል ጋሼ። ወንበሩ ላይ አትቀመጥም። ቁርጥህን እወቅ!»

ሳቁ በስልኩ ውስጥ ተቆረጠ። መቆረጡ እንደ ማር ጣፈጣት። ስለ ቡላው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ሳንባው አልነገረችውም። ብትነግረው ጣፋጩ ሊጎድልባት ነው።

የመስቀል ዕለት ቤቱ ሞላ። አቶ ኃይለሚካኤል ጢማቸውን ተላጭተው፣ ቱቦው ጉንጫቸው ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ምርቃታቸው ቢንተባተብም አሜን የጎደለው አልነበረም። አስካለች ቡላውን በትንሽ ሳህን ይዛ ቀረበች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሀብተሚካኤል። «የጥርስ የለሽ ምግብ?»

«የታዘዘው ይኼ ነው።»

«መዋጥ ጀምሯል አላልሽኝም? ሠላሳ አንድ ጊዜ የዘለለ ሰው ክትፎ ያቅተዋል?»

እንግዳው ሳቀ። ሀብተሚካኤል ግን አልሳቀም። ክትፎውን በቆጮ ጠቅልሎ አባቱ ፊት በርከክ አለ፤ ጉርሻውን በሁለት እጁ ዘረጋ።

«አባባ፣ ወንበሩ ያንተ ነው። ከእጄ ጎርሰህ ክፈተው።»

አስካለች ወንድሟ ተንበርክኮ አይታው አታውቅም። የአባቷ ዓይን በራ። እጇን አነሳች፤ «ጋሼ፣ ተው እሱን…»

«አስካለች!» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ሥላሴ። «ነውር ነው። ጉርሻ አይመለስም።»

ሰው ሁሉ አያት። እጇ ወረደ።

አቶ ኃይለሚካኤል ጎረሱ። በደህናው ጎን ብዙ አኘኩ። እንደተማሩት አገጫቸውን ደፉ፣ ዋጡ። አላሳላቸውም። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እሳቸው የበኩር ልጃቸውን ራስ በደህናው እጃቸው እየዳበሱ አስካለችን አዩና፣ «ዘለልኩት» አሏት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። በዘጠነኛው ሞቱ። ሐኪሙ ምግብ ሳንባ ገብቷል አለ፤ ከዚያ በላይ አላብራራም።

ድንኳን ውስጥ ሀብተሚካኤል ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ «በልቶ ነው የሞተው፤ ከእጄ ጎርሶ» ይል ነበር። አስካለች ይህን ቃል በየሰዓቱ እየሰማች ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ሀብተሚካኤል ጎረቤት ካመጣው እንጀራ ጠቅልሎ ወደ እሷ መጣ።

«አስኩ፣ ጉረሺ።»

«አልፈልግም።»

ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «መዋጥ ጀምሯል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አላት።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ዋሽቼሃለሁ። እንድትቃጠል ብዬ ግማሹን ደብቄብሃለሁ። አንተም ሰው እንዲያይህ ብለህ አጎረስከው። የገደልነው ሁለታችን ነን።»

«ልጄ» አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ ቀስ ብለው፣ «ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። ተቀበይው። ጉርሻ አይመለስም።»

«ይመለሳል።»

የወንድሟን አንጓ ያዘች። ያን ቀን ያልያዘችውን እጅ አሁን ጨብጣ ወደ ራሱ አፍ አዞረችው። ሀብተሚካኤል እንዳይጥለው እህል ነው፣ እንዳይታገላት ሰው ያያል። ጎረሰው።

አስካለች ሁለት ወር ሙሉ ስታየው የኖረችው ጉሮሮ ብቻ ነበር። አሁንም ዓይኗን የወንድሟ አንገት ላይ ተከለች። ማንቁርቱ ወጣ አለ፤ ተመለሰ። እንደገና ወጣ፤ መሐል ላይ ቆመ። ጉንጩ እንደተወጠረ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ቀና ብሎ አያት።

አልወርድ አለው።