በሬ የጎተተው ፒካፕ

ሮሴንዶ ሚስቱን ከሚያውቃት በላይ ፒካፑን ያውቃታል ይሉ ነበር የደሴቲቱ ሰዎች። ሐሰት አይደለም። ፒካፗ አሮጊት ናት፤ እርጥበት ነፍሷ አይወድም። ጭጋግ ካደረባት ጠዋት ቁልፍ ቢያዞሩባት ስታስል ስታስል ትቆይና ዝም ትላለች። በቺሎኤ ደሴቶች ደግሞ እርጥበት የሌለበት ሌሊት ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ሮሴንዶ ማታ ማታ ሳያጓድል የሚፈጽመው ሥርዓት ነበረው። ኮፈኑን ከፍቶ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ይነቅላል፣ ካንዴላዎቹን ይፈታል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ኩሽና ያስገባና ከእንጨት ምድጃው በላይ፣ ሊጡ ኩፍ ከሚልበት ሞቃት መደርደሪያ ላይ ያሳድራቸዋል። ኮፈኑን ደግሞ በተጣጣፈ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ሚስቱ ኤደልሚራ፣ እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ አንድ ቀን እንኳ እንደዚህ አድርገህ ሸፍነኸኝ አታውቅም እያለች ታሾፍበታለች። እሱም አንቺ መቼ ሳትነሺ ቀርተሽ ታውቂያለሽ ይላታል።

አበልጁ ቤላርሚኖ ሞቶ አስከሬኑ ሲጠበቅ ባደረበት ሌሊት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረገም።

የሆነው እንዲህ ነው። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፒካፗን ሲያጥብ ዋለ። ጎማዋን ፈተገ፣ መስታወቷን ወለወለ፣ መች በዚህ በቃውና፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሯን ሳይቀር በባልዲ ውሃ እየደፋ እስኪያብለጨልጭ አጠባት። ጥቁር ጨርቅ አሰረላትና ወስዶ የሟች ሚስት የኦቲሊያ በር ላይ፣ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ አቆማት። ታዲያ ያንን የተጣጣፈ ብርድ ልብስ በሰው ሁሉ ፊት ያልብሳት? አፈረበት። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንም ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል ብሎ ተወው። ሲያጥብ ያየችው ኤደልሚራ ብቻ ነበረች፤ እሷም ተው ብላው አልሰማትም።

በዚያ ደሴት ሟችን ከቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው የቅርብ ዘመዱ በሬ ነው። በሬዎቹ ይጠመዳሉ፣ ጎማ የሌለው የእንጨት መጎተቻ ይታሰርባቸዋል፣ ሣጥኑ እዚያ ላይ ሆኖ ይሄዳል። የቤላርሚኖ ታላቅ ወንድም ዶን ኢላሪዮም በዚያ ምሽት ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠው፣ ንጋት ላይ በሬዎቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ለኦቲሊያ በዝግታ ይነግሯት ነበር። ሮሴንዶ ከፖም የተጠመቀውን መጠጥ ደጋግሞለት ስለነበር ድምፁን መመጠን አቃተው።

"ዶን ኢላሪዮ፣ ወንድምዎ ድንች አይደለም በጭቃ የሚጎተት" አለ። "በየትኛው ዘመን ነው ያለነው? እኔ አበልጁ ቆሜ እያለሁ እንደ ሰው በመኪና ይሄዳል።"

ጸሎት ይመሩ የነበሩት ዶን ኤራስሞ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ጸሎቱን አቋረጡ። ዶን ኢላሪዮ የወንድማቸውን ሚስት አዩ። ኦቲሊያ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ፣ ማንንም ማስከፋትም ማስደሰትም የማትችልበት ደረጃ ላይ ነበረች። ቅዳሴውን ሊቀድሱ የሚመጡት ቄስ ነገ ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር በጀልባቸው መሄዳቸው አይቀርም፣ መኪና ይፈጥናልና ሮሴንዶ እንዳለው ይሁን አለች። ዶን ኢላሪዮ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሮሴንዶ ግን ያን ሌሊት ወለም ማለቱም አልታወቀውም።

ሲነጋ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ አጥሩን ሁሉ ውጦት ነበር፤ ካፊያውም አያባራም። ሣጥኑን አውጥተው ፒካፗ ላይ ጫኑት፣ በገመድ አሰሩት፣ አበባ ደረደሩበት። ሴቶቹ ጥቁር ሻላቸውን ተከናንበው ከኋላ ቆሙ። ሁሉም የሚያስበው ስለ ቄሱ ነው። ቄስ ወደዚያ ደሴት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ቤላርሚኖ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደውል የኖረ ሰው ነው። ለሌላው ሁሉ ደውሎ እሱ ያለ ቅዳሴ ቢቀበር ኦቲሊያ እስከ ዕለተ ሞቷ የምትረሳው አይደለም።

ሮሴንዶ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ገባና ቁልፉን አዞረ። ፒካፗ አሳለች። ደገመ፤ አሳለች። የአየር መዝጊያውን ስቦ ሞከረ፣ መልሶ ሞከረ፣ ነዳጁን ረገጠ፣ ቤንዚን ሸተተ እንጂ የተነሳ ነገር የለም። ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍት የሞተሩ ሽቦ ሁሉ ላብ እንዳጠመቀው ሰው ይንጠባጠባል። ቤንዚኑ ነው፣ ውሃ ቀላቅለው ሸጠውልኝ ነው አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። የራስን ኃጢአት በቦታው በሌለ ሰው ላይ መጫን እንዴት ቀላል ነው። ሰዎቹም አመኑት፤ ዘንድሮ ሰው ምን ያህል ከፋ ብለው ነዳጅ ሻጩን ረገሙት። ሮሴንዶ ርግማኑን ሲሰማ ጆሮው ጋለ፤ ግን አላስተባበለም።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና ካንዴላዎቹን ፈትቶ ወደ ኦቲሊያ ኩሽና ሮጠ። ኤደልሚራ ተቀብላ ምድጃው ውስጥ ከዳቦው ጎን አስገባችለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"ሞተሩን በውሃ ያጠብከው አንተ ነህ። አሁን ሂድና ዶን ኢላሪዮን ለምናቸው።"

"አሁን ትነሳለች" አላት።

በዚያ አገር መለመን የራሱ ወግ አለው። እርዳታ የፈለገ ሰው መልእክተኛ አይልክም፤ ራሱ በእግሩ ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ችግሩን በአፉ ይናገራል። እንዲህ የተለመነ ሰው እምቢ አይልም፤ ያልተለመነ ግን ዝም ብሎ አይመጣም፣ እንደ ንቀት ይቆጠራልና። ሮሴንዶ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስንቱን ድንች ለቀማ፣ ስንቱን የቤት ግንባታ በዚህ ወግ ለምኖና ተለምኖ ኖሯል። ዛሬ ግን እግሩ ወደ ዶን ኢላሪዮ ቤት አልሄድ አለው። የሞቀውን ክዳን በእጁ እያገላበጠ አምጥቶ ገጠመው፤ ፒካፗ አንዴ አጓርታ፣ ሰዉ ሁሉ እፎይ ሊል ሲል ጸጥ አለች። ፈታ፣ ወለወለ፣ መልሶ ወደ ምድጃው ሮጠ። ሲመለስ ካፊያው ሞተሩን እንደገና አርሶታል። ጊዜው ይሄዳል፣ ባሕሩ አይጠብቅም፣ እሱ ግን አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትነሳለች ይላል።

በመጨረሻ እንግፋት አለ። ለቀብር የለበሱት ወንዶች ትከሻቸውን ሰጥተው ገፏት። ቁልቁል በቁጥቋጦ አጥር መካከል የሚወርደው ጠባብ መንገድ ጭቃ ነው፤ ጎማው እየተሽከረከረ ጥቁሩን ኮት ሁሉ ቡናማ አደረገው። ሮሴንዶ ፍጥነት አገኘች ብሎ ሲያስብ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቀው። ፒካፗ እንደ ደነገጠ ፈረስ ነጥራ ቀጥ አለች። ሞተሩ አልተነሳም። ገመዱ ላልቶ ኖሮ ሣጥኑ ተንሸራተተና ከሮሴንዶ ጀርባ ያለውን ብረት ገጨው።

ድምፁን ሁሉም ሰማው። ሴቶቹ አማተቡ። ኦቲሊያ ከኋላ መጥታ እጇን ሣጥኑ ላይ አኖረች። ሮሴንዶ በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። የሞተ አበልጁን፣ ያውም በሰው ፊት እሸከመዋለሁ ብሎ ፎክሮ፣ ከብረት አጋጨው። ከዚህ ወዲያ ትነሳለች የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ወርዶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ወደ ዶን ኢላሪዮ ቤት የሚወስደውን ዳገት ያዘ።

ዶን ኢላሪዮ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ጥቁር ለብሰዋል። በሬዎቹ ተጠምደዋል፣ ሰንሰለቱ ተያይዟል፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ሮሴንዶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ካፊያው መላጣው ላይ ወረደ።

"ዶን ኢላሪዮ፣ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው ቀሪውን ጠበቁ። ልመና እስኪያልቅ መልስ መስጠት ወግ አይደለም።

"ፒካፔ ከመንገዱ መሃል ቆማለች፣ አታሳልፍም። ወንድምዎ ላይዋ ላይ ነው። በሬዎችዎን ይዘው ይምጡልኝ።"

"መጣሁ" አሉ ዶን ኢላሪዮ፣ ወዲያውኑ።

በሬዎቹ ሲንቀሳቀሱ ነው ሮሴንዶ ያየው። ጀርባቸው እስከ ቆዳቸው ርሷል፣ በእግራቸው ሥር ያለው ጭቃ ከመቆም ብዛት ተቦክቷል።

"መቼ ጠምደዋቸው ነው?"

"ሳይነጋ።"

"ታዲያ ሞተሯ ስታስል እዚህ ድረስ ይሰማል።"

"ይሰማል እንጂ። ስትገፏትም ሰምቻለሁ።"

"ለምን አልመጡም ታዲያ?" አለ ሮሴንዶ፤ የራሱ ጥፋት መሆኑን እያወቀ፣ ድምፁ ውስጥ ቁጣ መሰል ነገር ገባበት።

ዶን ኢላሪዮ በሬዎቹን በበትራቸው ነካ እያደረጉ መንገድ ቀጠሉ። "ሳትለምነኝ በሬ ስቤ ብመጣ ሰው ምን ይልሃል? በሕዝብ ፊት ላዋርድህ? የወንድሜ አበልጅ ነህ።"

ዶን ኢላሪዮ ቢሰድቡት፣ ቢገፈትሩት፣ ትናንት የተናገረውን ቃል በቃል መልሰው ቢግቱት ለሮሴንዶ ይሻለው ነበር። እሱ ስለ ራሱ ክብር ብሎ ጠዋቱን ሲያባክን፣ ሽማግሌው ደግሞ የእሱን ክብር ሲጠብቁ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ዳገቱን ሲወርዱ ከበሬዎቹ ጎን ሳይሆን ከኋላ ከኋላ ሄደ።

ፒካፗ በጠባቡ መንገድ ተሰንቅራ ስለነበር መጎተቻውን አሳልፎ ማምጣት አልተቻለም። ሰንሰለቱን ከፒካፗ ፊት አሰሩት። መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋልና ሮሴንዶ ገብቶ ተቀመጠ። እንዲህ ሆነው ሄዱ፤ ከፊት በሬዎቹና ዶን ኢላሪዮ፣ ከኋላ ታጥባ ያማረች ፒካፕ፣ ውስጧ መሪ ጨብጦ ወደ የትም የማይነዳ ሰው። ሌላ ቀን ቢሆን ደሴቲቱ ሙሉ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀም፤ አለመሳቃቸው ለሮሴንዶ ከሳቅ የከፋ ነበር።

ከኮረብታው ጫፍ ሲደርሱ ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ባሕሩ ታየ። የቄሱ ጀልባ ከወደቡ ርቃ ነጭ አረፋ እየጎተተች ትሄዳለች። ቄሱ እስከሚችሉት ጠብቀዋል አሉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቆሙት፤ ጀልባ ነጂው ውሃው ሸሽቶ አሸዋ ላይ ሊያስቀረን ነው ብሎ ቢጨቀጭቃቸው ነው የሄዱት። ዶን ኤራስሞ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከኮታቸው ውስጥ አወጡ። ቄስ በሌለበት ሟችን የሚሸኙት እሳቸው ናቸው፤ አሳምረው ጸለዩ፣ ሕዝቡም አሳምሮ መለሰ። ቅዳሴ ግን አልነበረም። ኦቲሊያ መጨረሻ ላይ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ "ሁሉንም ሲጠራ ኖሮ" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ከቀብሩ ሲወጡ የኮረብታው ነፋስ ፒካፗ ላይ ሲነፍስባት ቆይቶ ሞተሯን አድርቆት ነበር። ሮሴንዶ መንገድ እንዳትዘጋ ሊገፋት ነበር ያሰበው፤ ቁልፉን ያዞረው ከልማድ ነው። በአንድ ጊዜ ተነሳች። ያለ አንዲት ሳል፣ ጥርት ብላ፣ መላው መካነ መቃብር እስኪሰማት ድረስ አጓራች። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሮሴንዶ ጠዋቱን ሙሉ የተመኘው ድምፅ ነበር፤ አሁን ግን አጥፍቶት ሊሸሽ ፈለገ። ዶን ኢላሪዮ ግን ከበሬዎቻቸው ዘንድ ሆነው፣ ዝናቡ ሊጠነክር ነውና ሴቶቹን ውሰዳቸው አሉት። አሮጊቶቹ ከኋላ ተሳፈሩ፣ ኦቲሊያ ከጎኑ ገባች።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዶን ኢላሪዮ ቀድመው ወጥተው ስለነበር ከፊት ነበሩ። ሮሴንዶ ደረሰባቸውና ፍጥነቱን ቀነሰ። በሬዎቹ ሲራመዱ ይራመዳል፣ ሲቆሙ ይቆማል። ዝናቡ ጠነከረ፤ ከኋላ ያሉት አሮጊቶች ሻላቸውን ይከናነባሉ። ዶን ኢላሪዮ ዞር ብለው አዩና በሬዎቹን ወደ አጥሩ አስጠግተው በእጃቸው እለፍ አሉት። ሮሴንዶ ፒካፗን አቆመ።

"እለፍ እንጂ" አለች ኦቲሊያ።

"አልችልም አበልጄ። እንዴት አድርጌ አልፋቸዋለሁ?"

ኦቲሊያ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ ፊት ለፊት አየችው። ቁጣ የለባትም፣ ደክሟታል።

"ጠዋት ለኩራትህ ብለህ አቆምከን" አለችው። "አሁን ደግሞ ለሐፍረትህ ብለህ ታቆመናለህ። ሴቶቹ በስብሰዋል፤ ንዳ።"

ሮሴንዶ ማርሽ አስገባ። በዶን ኢላሪዮ አጠገብ ሲያልፉ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ኦቲሊያም እጇን አነሳችላቸው። ሮሴንዶ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ጭቃው ወደ እሳቸው እንዳይረጭ ቀስ ብሎ አለፈ።